አራቱ ብሎኖች

ቡታጅራ ውስጥ ያረጋልን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀውም ሁሉ ስሙን ሲያነሳ "ሰው አክባሪ" ሳይል አያልፍም። ሙገሳ መሆኑ ነው። መንገድ ላይ ሽማግሌ ካየ ከነሸክሙ ይቆማል። ጠላ ቤት ገብቶ መቀመጫ ካገኘ ለኋላ መጪው ይለቃል። ወፍጮ ቤት ተራው ደርሶ አንዲት እናት ከኋላው ቆመው ካየ "እርስዎ ይቅደሙ" ይላል፤ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ሌላ አለ፤ እንዲህ ሲል ወፍጮው ይዘጋል፤ ቤቱ ዱቄት ሲጠብቅ ያመሻል። ለጎረቤቱ ሁሉ ፈጥኖ ደራሽ፣ ለገዛ ቤቱ ግን ሁልጊዜ የሚዘገይ ሰው ነበር።

አገሩ ጎጃም፣ ብቸና ነው። በመንገድ ሥራ ድንጋይ ፈላጭነት ተቀጥሮ ወደ ጉራጌ አገር ሲመጣ ሃያ ዓመት አልሞላውም። ከገልባጭ መኪና ሥር ተጋድሞ እያየ፣ እየተሰደበ፣ ጣቱን እየተቀጠቀጠ ጥገና ተማረ፤ ቀጥሎ መንዳት ለመደ። መንገድ ሠሪው ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ እሱ ቡታጅራ ቀረ። ምክንያቱ አሰገደች ነበረች። በገበያ ቀን ከተራራው ቆጮ ይዛ ስትወርድ አይቷት፣ ልቡ አልመለስ ብሎት ነበር።

ሽማግሌ የሚልክበት ዘመድ ግን አልነበረውም። ከየት እንደመጣ ለማይታወቅ መንገድ ሠራተኛ ማን ልጁን ይሰጣል? ያኔ የደረሱለት ግራዝማች ባዩ ናቸው። በቡኢና በቡታጅራ መካከል መሬት ያላቸው፣ ቃላቸው የሚከበር አዛውንት ነበሩ፤ አንድ ጊዜ የወፍጮ ሞተራቸውን ሠርቶላቸዋል። በበቅሏቸው ተራራውን ወጥተው ከአሰገደች አባት ደጅ ቆሙና "ልጁ ዘመድ የለውም አትበሉ፤ ዘመዱ እኔ ነኝ" አሉ። ተሰጠው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግራዝማች ቆመው ያረጋል ተቀምጦ አያውቅም።

በ1963 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ፈረንጅ የዐይን ሐኪም ቡታጅራ ገባ። የመጣበት መኪና፣ መኪና ከሚባል ቤት ቢባል ይቀላል፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ የውሃ በርሜሉ፣ የዐይን ቀዶ ጥገና የሚሠራበት ጠባብ ጠረጴዛ ሳይቀር ውስጡ ነው። ከኋላው ደግሞ በወፍራም ብረት ተይዛ የምትጎተት ትንሽ ጂፕ አለች። ትልቁ መኪና የማይደርስበት አገር ጂፗ ትወጣና በሽተኛውን ጭና ትወርዳለች። ከተማው ሁለቱን "እናትና ልጅ" ብሎ ሰየማቸው። እናቲቱን ሐኪሙ ራሱ ይነዳል። ለልጂቱ ሰው ሲፈልግ ሁሉም ጣቱን ወደ ያረጋል ቀሰረ።

ሥራው መንዳት ብቻ አልነበረም። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ከጂፗ ሥር አብሮት ተጋድሞ፣ አስተርጓሚውና ረዳቱ ፀዳለ ውጭ ቁጢጥ ብላ ቃሉን እየተቀበለች፣ ማርሹ ስላለበት ስለ ካምቢዮው አስረዳው። ጂፗ ስትጎተት ሞተሯ ይተኛል፣ ጎማዋ ግን ይዞራል። ጎማው ረጅሙን ዘንግ ያዞራል፤ ዘንጉ የካምቢዮውን ጥርሶች ያዞራል። ሞተሩ ቢሠራ ኖሮ ዘይቱ እየተረጨ ጥርሶቹን ሁሉ ያጠጣል፤ ሞተሩ ከተኛ ግን ዘይቱ ከታች ይረጋና ላይኛው ብረት ደርቆ ብረትን ይበላል። ስለዚህ ከመጎተቷ በፊት ዘንጉ ከካምቢዮው መለየት አለበት። አራት ብሎን ነው፤ ከዚያ በላይ ጥበብ የለውም። "ትልቋ ቤቴ ናት፤ ትንሿ እግሬ ናት" ብሎ ነበር ሐኪሙ።

ያረጋልም እግሩን እንደ እግር ያዘለት። መንገድ ሊጀመር ሲል አቧራም ቢሆን ጭቃም ቢሆን በጀርባው ይገባል፤ አራቱን ብሎኖች ይፈታል፤ ዘንጉን በገመድ ሽቅብ ያስራል፤ ብሎኖቹን በቲማቲም ጣሳ ከቶ ከወንበሩ ሥር ያስቀምጣል። ሲደርሱ መልሶ ይገጥማል። ከዚያ የካምቢዮውን የጎን መክፈቻ ፈትቶ ትንሿን ጣቱን ይከትና ዘይቱ መጉደሉን ያያል፤ ከጎደለ ይሞላል። ለመፍታት ግማሽ ሰዓት፣ ለመግጠም ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ሰው ከቦ ይስቅበታል፤ "ደግሞ ምን ወለደች?" ይሉታል ከሥሯ ሲወጣ። እሱ ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ልብሱን ያራግፋል።

አሰገደች ዐይኗን መታመም ከጀመረች ሰንብታ ነበር። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኗን ይፍቃል። ያረጋል ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ አስቀምጧት አንድ በአንድ በወረንጦ ይነቅልላታል፤ በሳምንቱ መልሶ ይበቅላል። የግራ ዐይኗ ነጭ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የቀራት ቀኙ ብቻ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ዋና ሥራው ይኸው በሽታ ነበር። የዐይኑን ቆብ ቀዶ፣ ገልበጥ አድርጎ ይሰፋና ፀጉሩን ወደ ውጭ ይመልሰዋል። አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም።

ሐኪሙ ቡታጅራ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። የያረጋል ቤት ሐኪሙ ካረፈበት ቢጣሩ የሚሰማበት ርቀት ላይ ነው። እሱ ግን የሚስቱን ስም ሊያስመዘግብ ያስብና ሰልፉን ያያል፤ ከመስቃን የመጣ አለ፣ ከስልጤ የመጣ አለ፣ ሁለት ቀን በእግሩ የተጓዘ አለ። "የሾፌሩ ሚስት ቀደመች" ቢባልስ? "የሰው አደራ ይዞ ቤቱን አስቀደመ" ቢሉትስ? ነገ፣ ሰው ሲቀንስ ይላል። ሰው አልቀነሰም። በመጨረሻው ቀን ለአሰገደች "እኛ የቤት ሰዎች ነን፤ ለእኛ መቼም አይጠፋም" አላት። እሺ አለችው። እሺ ያለችው ግን በአፏ ነው፤ ልቧ ክፉኛ አዝኖበት ነበር።

ከዚያ ወልቂጤ ሄዱ፤ ከወልቂጤ አገና፤ ከአገና ዞረው ቡኢ። ሰባት ወር ሙሉ ያረጋል ስንት ጊዜ እንደፈታና እንደገጠመ ጀርባው ያውቃል። ካምቢዮው አንድ ቀን አልጮኸም። በዚህ መካከል አሰገደች እሳት ከውሃ መለየት እየቸገራት ሄደና ቤቷን ዘግታ ወደ እናቷ፣ ወደ ተራራው ወጣች። ግንቦት ላይ ከእሷ ዘንድ የመጣ ሰው ቡኢ ያረጋልን አግኝቶ መልእክቷን ነገረው፤ "ቀኙም ጭጋግ ያዘው፤ የቤት ሰው ተራው መቼ ነው?" ብላለች።

ያረጋል ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ፀዳለ አይታ አፋጠጠችው። የደሴ ልጅ ናት፤ የሚሰማትን ቀባብታ መናገር አታውቅበትም። እውነቱን ሲነግራት "ሚስትህን ደብቀህ ነው የሰው ዐይን ስታመላልስ የከረምከው?" አለችው። በቀጥታ ሄዳ ለሐኪሙ ነገረችው።

ሐኪሙ ሲሰማ እንደ መቆጣትም እንደ ማዘንም አደረገው። የሚሄድበት ቀን ደርሷል፤ ክረምቱ ሳይገባ ከአገር መውጣት አለበት፤ ቡታጅራ የሚያድረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ ተቆረጠ፦ ረቡዕ በጠዋት ከቡኢ ይነሳሉ፤ አራት ሰዓት ላይ ቡታጅራ ይገባሉ፤ ያረጋል ያኔውኑ ጂፗን ይዞ ተራራውን ይወጣል፤ በሁለት ሰዓት መንገድ አሰገደችን ያመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ይሠራላታል። ሐሙስ እናትና ልጅ በዝዋይ በኩል ይሄዳሉ። ያረጋል ተራራ ለሚወጣ ነጋዴ መልእክት ላከ፤ "ረቡዕ መኪናው በር ድረስ ይመጣል፤ ለብሳ ትጠብቀኝ" አለ። ከሰባት ወር ወዲህ ልቡ የቀለለው ያን ማታ ነው።

ረቡዕ ጠዋት መፍቻውን ይዞ ከጂፗ ሥር ሊገባ ጎንበስ ሲል "ያረጋል" የሚል ድምፅ ሰማ። ግራዝማች ባዩ ናቸው። ሪህ እግራቸውን አሳብጦታል፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ቡታጅራ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለባቸው፤ በቅሏቸውን ከአሽከራቸው ጋር በዋዜማው አስቀድመው ልከዋል፤ እሳቸው መኪና ሲያማትሩ እንደ ልጃቸው የሚያዩትን ያረጋልን አገኙ። ያረጋል ከእናቲቱ ጋቢና፣ ከፀዳለ አጠገብ ያለውን የራሱን ቦታ ሊለቅላቸው ፈለገ። እሳቸው ከሴት ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጣብቄ አልሄድም አሉ። "ይቺ ባዶዋ ምን አላት?" ብለው የጂፗን በር ከፈቱና ገቡ።

በምትጎተት መኪና ሰው አይቀመጥም፤ ሐኪሙ አስጠንቅቆ የከለከለው ነገር ነው። ያረጋል ይህን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ "ዘመዱ እኔ ነኝ" ያለው ያ ድምፅ ትዝ አለው፤ አፉን ዘጋ። አራቱ ብሎኖችስ? እሳቸው ከላይ ተቀምጠው እሱ ከእግራቸው ሥር ገብቶ ብረት ሊቀጠቅጥ ነው? ግማሽ ሰዓት በፀሐይ ሊያስቀምጣቸው ነው? ውረዱልኝ ማለትማ የማይታሰብ ነው። ሐኪሙ ሞተሩን አስነስቶ ጥሩምባውን ነፋ። ያረጋል ማርሹን ዜሮ ላይ አደረገ፤ "መንገዱ ቅርብ ነው፤ አንድ ቀን ምን ይላታል" አለ በልቡ። መፍቻውን ኪሱ ከተተና ለሐኪሙ ሁሉም ደህና ነው የሚል ምልክት በእጁ ሰጠው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ጂፗ ውስጥ የሆነው የታወቀው በኋላ ነው። ግራዝማች መንገዱ ሲጀመር የጂፗ መሪ ማንም ሳይነካው ወዲያና ወዲህ ሲዞር አዩ። ጂፗ ስትጎተት መሪዋ በራሱ ይዞራል፤ እሳቸው ግን ይህን በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። ሰይጣን የሚነዳት መሰላቸውና ስመ ሥላሴ እየጠሩ ያገኙትን ነገር ጨብጠው ያዙ። ያገኙት የማርሹን ዱላ ነበር። አንድ ጉድጓድ ላይ መኪናዋ ስትዘል አብረው ሳቡት፤ ማርሹ ገባ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ስታጓራና ስትንዘፈዘፍ የባሰ አጥብቀው ያዙት። እናቲቱ ውስጥ መስኮቱ ለአቧራው ተዘግቷል፤ ያረጋል በመስታወቱ ወደ ኋላ ቢያይ ከአቧራ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ጆሮው ግን አንድ ጊዜ አንድ ነገር የሰማ መስሎት ነበር። አቁም ሊል ፈልጎ የግራዝማችን መንገድ ማጓተቱ ከበደው።

ቡታጅራ ሲደርሱ ግራዝማች ላባቸውን እየጠረጉ ወረዱ፤ መርቀውት ወደ ጉዳያቸው ሄዱ። ያረጋል ጂፗን ከእናቲቱ አላቆ ገባና አስነሳት። ማርሽ ሲያስገባ ከሥሩ የተሰማው ድምፅ ድንጋይ በብረት ምጣድ ላይ ሲፈጭ የሚሰማ ዓይነት ነበር። ደግሞ ሞከረ። ጂፗ አንድ ክንድ እንኳ አልተነቃነቀችም። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ሲመጣበት ሞተሩን አጠፋ።

ሮጦ ሳኒን አመጣው። ሳኒ በከተማው መኪና የሚፈታ ብቸኛ ሰው ነው፤ የስልጤ ተወላጅ፣ ዝምተኛ። ከሥር ገብቶ የካምቢዮውን የታች መክፈቻ ፈታ። ዘይቱ ጠቁሮ ወረደ፤ ውስጡ እንደ ጤፍ የደቀቀ ብረት ያብረቀርቃል። ሳኒ በመዳፉ ተቀብሎ ለያረጋል አሳየውና "ወላሂ፣ ይሄ አዲስ አበባም ቢሄድ አይድንም" አለው። ያረጋል እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ መጥቶ ከሥር አየ፤ ዘንጉ እንደተገጠመ ነው፤ አራቱም ብሎኖች በቦታቸው ናቸው። ያረጋልን ብዙ አልጠየቀውም። ከፊቱ የተነበበው ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር፤ የተነበበው ግን ግራ መጋባት ነው።

ፀዳለ ግን ጊዜ አላባከነችም። ሐኪሙ ሐሙስ እስከ ስድስት ሰዓት ይጠብቃል፤ ከዚያ ማለፍ ግን አይችልም አለችው። "በቅሎ ፈልግ፤ አሁኑኑ" አለችው። የተራራው መንገድ በእግር ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በበቅሎ ግን ግማሹ። ዛሬ በበቅሎ ወጥቶ፣ ነገ በማለዳ አስቀምጧት ቢወርድ አራት ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። ያረጋል የግራዝማች በቅሎ የት እንዳለች ያውቃል፤ እየሮጠ ሄደ።

ግራዝማች ካረፉበት ቤት ደጅ ተቀምጠው እግራቸውን በሙቅ ውሃ ነክረዋል። በቅሎዋ ከአጥሩ ጥግ ገለባ ትበላለች። ሲያዩት ደስ አላቸውና ያቺ መኪናህ ከበቅሎዬ የባሰች ዘላይ ናት፣ በዱላዋ ባልይዛት ገደል ትከተኝ ነበር እያሉ፣ መሪው እንዴት በራሱ እንደዞረ በእጃቸው እያሳዩ ሳቁ። ያረጋል ያኔ ሁሉም ገባው።

አሁን በቅሎዋን ቢለምን ምን ይመስላል? መኪናዬን ሰብረሃልና በቅሎህን አምጣ ማለት ነው። እሳቸው ነገሩን ሲያውቁ ያፍራሉ፤ ያን ያህል የደከሙለት ሰው በእርጅናቸው ሊያሳፍራቸው ነው? እሳቸው ቀና ብለው "ምን ፈለግህ ልጄ?" አሉት። በቅሎዋን አየ።

"ደህና መግባትዎን ለማየት ነው፣ ጌታዬ" አለ።

ከዚያ ወጥቶ በእግሩ ተራራውን ያዘ። ሲወጣ አለቀሰ፤ ጮክ ብሎ፣ ሰው እንደሌለ አይቶ አለቀሰ። ራሱን ሰደበ፤ ተመልሼ ልለምን ብሎ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ላይ ሄደ። ጀንበር ስትጠልቅ ከአሰገደች እናት ደጅ ደረሰ። አሰገደች ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከእንሰቱ ጥግ፣ መንገድ ዳር ተቀምጣለች። ከረፋዱ ጀምሮ የሞተር ድምፅ ስታዳምጥ ነው የዋለችው። የእግሩን ኮቴ ለየችው። "መኪናውስ?" አለች። ያረጋል አጠገቧ ተቀመጠ።

በማግስቱ ሳይነጋ ተነሱ። በመንደሩ ፈረስ ያለው ሰው ገበያ ሄዷል። እሷ በትር ይዛ፣ እሱ ከፊት እየመራ፣ ድንጋዩን እየነገራት ወረዱ። ሮጥ ማለት ሲፈልግ ትወድቅበታለች፤ ሲያዝላት ቁልቁለቱ ጉልበቱን ይሰብረዋል። ፀሐይ ከራሳቸው በላይ ስትሆን ገና ከተማው እንደ ቆርቆሮ ክዳን እያብረቀረቀ ከሩቅ ይታይ ነበር። "ደረስን?" ትለዋለች በየጊዜው። "ደርሰናል" ይላታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገቡ።

እናቲቱ የቆመችበት ቦታ የጎማ ዱካ ብቻ ቀርቷል። ልጂቱ እዚያው አጥር ሥር፣ ሆዷ እንደተከፈተ ተጥላለች። ሳኒ ወጥቶ ሐኪሙ እስከ ሰባት ሰዓት እንደቆየ ነገረው፤ ወደ ተራራው እያየ፣ ሰዓቱን እያየ። ፀዳለ ለአዲስ አበባ ሆስፒታል የተጻፈ ወረቀት ትታለት ነበር። ወረቀቱን ይዘው ሄዱ፤ ክረምቱ መንገድ ዘግቶባቸው ዘገዩ፤ እዚያም ተራ ጠበቁ። ተራዋ ሲደርስ ብሌኑ ጠባሳ ይዞ ነበር። ሐኪሞቹ በጥቅምት ቢሆን ኖሮ አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ለግራዝማች ማንም ምንም አልነገራቸውም። ያረጋልም አልነገረም።

በተከታዩ ዓመት ኅዳር ላይ፣ በማርያም ዕለት ጠዋት፣ ያረጋል አሰገደችን እጇን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳታል። ጠባብ መንገድ ነው። ከፊት ለፊታቸው የበቅሎ ኮቴ ተሰማ፤ ግራዝማች ባዩ ከነአሽከራቸው ብቅ አሉ። የያረጋል እግር ሳያዘው ቆመ። ባርኔጣውን ሊያነሳ የሚስቱን እጅ ለቀቀ። አሰገደች የተለቀቀ እጇን አየር ላይ እንደዘረጋች ቀረች።

"ለማን ነው የቆምነው?" አለችው። ቁጣ የለበትም፤ የጠየቀችው ስላላየች ብቻ ነው።

ያረጋል የተዘረጋውን እጅ አየ፤ ግራዝማችን አየ። እሳቸው ሊመርቁት እጃቸውን አንስተዋል። ያነሳውን ባርኔጣ መልሶ ደፋ።

"ለማንም" አላትና እጇን ይዞ በመንገዱ መሃል ለመሃል መራት። በቅሎዋ ወደ ጥሻው ዞራ አሳለፈቻቸው። አሽከርየው ደንግጦ ጌታውን አየ።

በዚያ ሳምንት ቡታጅራ ውስጥ ያረጋል ጠገበ ተብሎ ተወራ።